ጉም ውስጥ ያለውን ሰው መጠየቅ

የልጅ ልጆቼ ኮምፒውተር ላይ የተኩስ ጨዋታ ይጫወታሉ። የጠመንጃው አፈሙዝ ከስክሪኑ ግርጌ ብቅ ይላል፤ ያዢው ግን አይታይም፤ ምክንያቱም ያዢው ተጫዋቹ ራሱ ነው። ባለፈው ሰሞን ከእነዚህ ጨዋታዎች ነገሩን ከሥሩ የለወጠው የትኛው እንደሆነ ሲከራከሩ ሰማኋቸው። አንዱ የሥዕሉን ጥራት አነሳ፣ ሌላው ከሩቅ አገር ሰው ጋር መታኮስ መቻሉን። እኔን የጠየቀኝ የለም፤ ሽማግሌ አናጢ ስለዚህ ምን ያውቃል ብለው ነው። እኔ ግን እንዲህ ያለውን ጨዋታ በደርግ ጊዜ፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ በገዛ የሥራ ክፍሌ አይቻለሁ። የሠራችው ሴት ልጄ ናት።

ያን ጊዜ ታላቁ ልጄ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ማንም ሳይጠራው፣ ፈተናውን ጥሎ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ለመዝመት ቆረጠ። ሰኞ ጠዋት ሄደው ሊመዘገቡ ተቃጥረዋል። እኔ ፊደል የለየሁት በጎልማሳነቴ፣ ሚስማር ተጠቅልሎ ከሚሸጥበት አሮጌ ጋዜጣ ላይ ነው። ትምህርት ሲጣል ማየት አልችልም። ጦርነቱን ነቅፌ እንድናገር ደግሞ ዘመኑ አይፈቅድም፤ ጎረቤት ይሰማል። ስለዚህ ስለ ፈተናው ብቻ እጮህ ነበር። በጮህኩ ቁጥር ልጁ ይብስበታል።

ታናሽ እህቱ ሰባተኛ ክፍል ነበረች። የሰፈሩ ልጆች በካርቶን ሲኒማ ይሠሩ ነበር፤ ሥዕል የተሣለበት ረጅም ወረቀት በሁለት እንጨቶች ላይ ተጠቅልሎ፣ ከኋላው ባትሪ እየበራበት ይሽከረከራል። እሷ ይህንኑ ወስዳ ሌላ ነገር አደረገችው። ከኔ ቁርጥራጭ ኮምፖርሳቶ ሣጥን ሠራች፤ ለአንድ ዓይን ብቻ የሚበቃ ቀዳዳ አበጀችለት። ከቀዳዳው ሥር የጠመንጃ አፍ የሚመስል እንጨት ቸነከረች። ከሥዕሉ ፊት ዘይት የጠጣ ወረቀት ስለወጠረች ሁሉም ነገር በጉም ውስጥ እንዳለ ደብዝዞ ይታያል። ተጫዋቹ ገመድ ሲስብ ቆርቆሮ ይጮሃል፤ ተኮሰ ማለት ነው። ከዘገየ እሷ ከጆሮው ሥር ቆርቆሮ ትመታለች፤ እሱ ሞተ ማለት ነው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሣጥኑን ሳየው ተቆጣሁ።

«በዚህ ቤት የሚወራው የጠመንጃ ወሬ አነሰሽ? ማገዶ ነው የማደርገው» አልኳት።

«እሺ አባባ። ግን መጀመሪያ ይዩበት፤ ከዚያ ያቃጥሉታል።»

ዓይኔን ቀዳዳው ላይ አደረግኩ። ልጆች በዱላ ሲታኮሱ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ አንዱ ይወድቃል፣ ሌላው ይስቃል፣ እኔ ቆሜ አያለሁ። እዚህ ግን የማየው ሌላ ሰው የለም። አፈሙዙ የኔ ነው፤ ጥላውም የሚመጣው ወደኔ ነው። ልቤ መምታት ጀመረ። ሳልተኩስ ቆርቆሮው ጆሮዬ ሥር ጮኸ።

ባለቤቴ ከበሩ ላይ ቆማ ነበር። «ሞተ እንዴ? ተዝካሩን ልደግስ?» አለች።

ልጄ ይህን ሰምቶ እየሳቀ ገባ። «አባባ እጃቸው ለመጋዝ እንጂ ለዚህ አይሆንም። ዞር በሉልኝ» አለና ተቀመጠ።

እህቱ ከሣጥኑ ኋላ ሆና ወረቀቱን ማሽከርከር ጀመረች። እሱ ፈጣን ነበር። የመጀመሪያውን ጣለ፤ ሁለተኛውንም። ቀጥሎ ባርኖስ የለበሰ ሰው ራሱን ተከናንቦ፣ ትከሻው ላይ ረጅም ነገር ተሸክሞ መጣ። ልጄ ገመዱን ሳበ። ቆርቆሮው ጮኸ። እሷ ዘይት የጠጣውን ወረቀት ወደ ጎን ሳበችው፤ ጉሙ ተገፈፈ። ሰውየው ትከሻው ላይ የያዘው፣ እርጥበት እንዳያዝገው በጨርቅ የተጠቀለለ መጋዝ ነበር። አንኮበር በኩል ለሥራ ወጥቼ ስመለስ ሁልጊዜ የምይዘው እንደዚያ ነው። ፊቱንም የኔን አስመስላ ሥላዋለች።

ባለቤቴ አማተበች።

«አባባን አስገደልሽኝ» አላት ልጄ እህቱን። ድምፁ እንደ ቀልድ ጀምሮ መሐል ላይ ተሰበረ። «ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?»

«አንተ መች ጠየቅከኝ፣ ወንድም ጋሼ?»

«በዚህ ቀዳዳ ምን ብዬ ልጠይቅ? ማየት ነው እንጂ መናገር የለበትም።»

በዚህን ጊዜ እኔ ገባሁበት። ጣርማ በር ተራራ ላይ ጉም ሲወርድ መንገደኛ ድምፁን ሳያሰማ ወደ ሰው አይቀርብም። «ማነህ?» ይላል አንዱ፤ ሌላው ከየት እንደመጣና ወዴት እንደሚሄድ ይመልሳል። ሳይጠራ የቀረበ ሰው ዱላ ቢያርፍበት የሚያዝንለት የለም። ባርኖስ የለበሰ ሁሉ በጉም ውስጥ አንድ ነው፤ የሚለየው ድምፁ ነው። ይህን ነገርኳቸው። ስለ ፈተና አልጮህኩም፤ ስለ ሰኞም አላነሳሁም። ልጄ አሁንም ሥዕሉን ያይ ነበር።

በማግስቱ፣ ሰኞ ጠዋት፣ ወደ ሥራ ክፍሌ መጣ።

«አባባ፣ መሰርሰሪያውን ያውሱኝ።»

«ለምንህ?»

«ለሣጥኑ አፍ ልሠራለት ነው። ተጫዋቹ ማነህ ብሎ ከጠየቀ እሷ እውነቱን ትመልሳለች። ከጠየቀ ግን ጊዜ ያጠፋል፤ ሊሞትም ይችላል። ይምረጥ።»

ኮምፖርሳቶው እንዳይሰነጠቅ እኔ ያዝኩለት። ገና ሳይጀምር ውጭ የሁለቱ ጓደኞቹ ፉጨት ተሰማ። መሰርሰሪያውን እንደያዘ ወጣ። በአጥሩ ሥር ሰማኋቸው።

«ምነው፣ ፈራህ እንዴ?»

«አዎ፣ ፈራሁ። ፈተናም አለብኝ። እናንተም ቅሩ።»

«የእናቱ ልጅ!» ብለው ሳቁበት። ፊቱ ቀልቶ ተመለሰና ቀዳዳውን መብሳት ጀመረ። እኔ ኮምፖርሳቶውን ትቼ እሱን እሱን አይ ስለነበር «ደህና አድርገው ይያዙት እንጂ» ብሎ ተቆጣኝ። በዕድሜዬ ሰው ሲቆጣኝ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ፈተናውን ወሰደ፤ ዛሬ የነዚህ ተከራካሪዎች አባት ነው። ከሁለቱ ጓደኞቹ አንዱ ተመልሷል።

እንግዲህ ማንም ባይጠይቀኝም የኔ መልስ ይኸው ነው። ሰውን የጠመንጃው ባለቤት አድርጎ ማስቀመጥ ትልቅ ብልሃት ነው፤ ልቤ ሲመታ አውቄዋለሁ። ግን እሱ የነገሩ ግማሽ ነው። አዲስ የሚባለው ጨዋታ ያ ሰው ከመተኮሱ በፊት እንዲጠይቅ አፍ የሚሰጠው ነው። የልጅ ልጆቼ ጨዋታ ላይ ይህን ፈልጌ አላገኘሁትም፤ ምናልባት እኔ አላወቅኩበት ይሆናል።

ሴት ልጄን ያን ጊዜ በቃል አላመሰገንኳትም፤ በኛ ዘመን አባት ልጁን እንደዚያ አያመሰግንም ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ቁርጥራጩን ትቼ ደህና ደህናውን ጣውላ እሰጣት ጀመር። እሷም ለምን እንደሆነ ጠይቃኝ አታውቅም፤ እየመረጠች ትወስዳለች።