መጨረሻውን አውቆ ማየት

ሱቄ መጥቶ «የሚያስፈራ ፊልም አለ?» የሚለኝን ሰው መጀመሪያ «የቱን ዓይነት? ደም የሚረጭበትን ነው ካሜራ የሚንቀጠቀጥበትን?» እለዋለሁ። አሰላ ውስጥ ፊልምና ዘፈን በፍላሽ የምጭን ሰው ነኝ። ሱቄ ከጎሚስታው አጠገብ ናት፤ እኔና ኮምፒውተሩ ከገባን ለደንበኛ የሚተርፈው ደጃፉ ነው። እዚያ ተቀምጬ ያላየሁት የፍርሃት ዓይነት የለም። ካሜራ የሚንቀጠቀጥባቸውን ግን እንደሌሎቹ አይቼ አላልፋቸውም፤ ያናድዱኛል።

ለማያውቃቸው ነገሩ እንዲህ ነው። ጥቂት ወጣቶች ካሜራ ይዘው ወደ አንድ ጫካ ወይም ወና ቤት ይሄዳሉ፤ በዚያው ይቀራሉ። በኋላ ካሜራቸው ወድቆ ይገኛል፤ የምናየው እሱ ውስጥ የተገኘውን ነው ይሉናል። ገና ሲጀምር ጥቁር ላይ ነጭ ጽሑፍ ይመጣል፦ እነዚህ ልጆች ከዚያ ወዲህ አልታዩም።

እሺ፣ ሁሉም ካለቁ ፊልሙን ማን ቆራርጦ ቀጠለው? ጭራቁ ነው ኤዲት ያደረገው? ባትሪውስ? እኛ ሰፈር መብራት በጠፋ ቁጥር የኔ ስልክ አንድ ሰዓት ሳይሞላው ድርግም ይላል፤ የነሱ ካሜራ ጫካ ውስጥ እየከረመ አንድ ቀን እንኳ ቻርጅ አይልም። ከሁሉ የሚያበግነኝ ደግሞ ጓደኛው እግሩን ተይዞ እየተጎተተ ካሜራውን የማይጥለው ነው። እናቴ እዚህ ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ ከመቀመጫዋ ትነሳለች። «ጥለኸው ሩጥ እንጂ፣ አንተ ደንቆሮ! ለማን ብለህ ነው?»

እናቴ ጡረተኛ ናት። አባቴ ከሞተ ጀምሮ ቤታችን ውስጥ እሷ፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ነበርን። ማታ ማታ ከሱቅ ያመጣሁትን ፊልም አብረን እናያለን። እሷ እነዚያን ፊልሞች እውነት ናቸው ብላ ታምናለች። «ተዋንያን ናቸው እማዬ» ስላት፣ «ተዋንያን ቢሆኑማ መልክ ይኖራቸው ነበር» ብላ አፌን አስያዘችኝ። ወንድሜ ከመንገድ ሲመለስ ሁለታችን ብርድ ልብስ ተከናንበን እያፈጠጥን ያገኘናል፤ «እናንተ ጠንቋዮች፣ ዛሬስ ማንን አስበላችሁ?» ይለናል። ኢሱዙ ነበር የሚነዳው፤ ከኢተያና ከሲሬ ስንዴ ጭኖ አዳማ ያራግፋል።

የኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁኝ፣ እነዚህ ፊልሞች የሚያስፈሩት መጨረሻቸው ላይ አይደለም። መጨረሻቸው አብዛኛውን ጊዜ ጩኸትና ጨለማ ነው፤ ጭራቁም ብቅ ሲል ያስቃል። የሚያስፈራው መጀመሪያው ነው። መኪና ላይ ዕቃ ሲጭኑ፣ አንዷ ካልሲዬ የታለ ስትል፣ አንዱ ብስኩት እየበላ ሲቀልድ። ጽሑፉን እኔ አንብቤዋለሁ፣ እነሱ አላነበቡትም። ልጁ አፉን ሞልቶ ይስቃል፤ እኔ እንደሚሞት አውቃለሁ፤ ልነግረው አልችልም። ይህንን ለደንበኞቼ ሳስረዳ «ኧረ ባክሽ ጫኚልንና እንሂድ» ይሉኛል።

የባለፈው ዓመት ስንዴ ታጭዶ መኪናው ሁሉ መንገድ ላይ በነበረበት ሰሞን ነው። ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ብርድ አላስቀምጥ ብሎኝ በጋቢ ተጠቅልያለሁ። ከኢተያ በኩል የመጣ አንድ ወጣት ስልኩን ሰጥቶኝ ዘፈን እየጫንኩለት ነበር። የቴሌግራም መልእክት ገባለትና ከእጄ ተቀብሎ ከፈተው። «ያ ረቢ!» አለ። «ዴራ መውረጃው ላይ ነው፣ ዛሬ። ይሄን አይተሻል?» ብሎ ስልኩን ወደኔ አዞረው።

የተገለበጠ ኢሱዙ ነው። ስንዴው አስፋልቱ ላይ ፈሷል። ካሜራው ይንቀጠቀጣል፤ የያዘው ሰውዬ ትንፋሹ ይሰማል። ስንዴው ላይ አንድ ሰው በጀርባው ተኝቷል፤ እናቴ የሠራችለትን አረንጓዴ ሹራብ ለብሷል። «ውሃ» ይላል። ካሜራው ወደ ፊቱ ቀረበ። ደግሞ «ውሃ» አለ። የሚቀርጸው ሰውዬ «ኧረ ጎበዝ፣ እርዱት እንጂ!» እያለ ይጮሃል፤ ስልኩን ግን አላወረደም። ከበው የቆሙትም እጃቸው ላይ ያለው ስልክ ነው። አንድም ሰው ውሃ አልሰጠውም። እስከዛሬ ያንን ሰውዬ አልማርኩትም፤ ቄሱ ይቅር በይ ቢሉኝም አልሆነልኝም።

የልጁን ዘፈን ጭኜ ጨረስኩ። «በርቺ» ብሎኝ ሄደ።

አጎቴ ጋ ደወልኩ። እሱ አስቀድሞ ሰምቶ አዳማ ሆስፒታል ደርሶ ነበር። «ምንም አይደል፣ እግሩን ትንሽ ተጎዳ…» ብሎ ጀመረ፤ በኛ አገር ሰው ሲሞት ሁልጊዜ መጀመሪያ እግሩን ነው የሚጎዳው። «ቪዲዮውን አይቼዋለሁ» አልኩት። ሲያለቅስ ይሰማኛል። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «እንግዲህ ካየሽ አውቀሽዋል። አንቺ ጠንካራ ነሽ። እናትሽ በስልክ እንዳትሰማ፣ ትሞትብናለች። ነገ ሲነጋጋ ከሽማግሌዎቹ ጋር እንመጣለን። እራቷን በደንብ አብያት፣ ከዚህ በኋላ እህል አትቀምስም። ስልኳን ውሰጂባት» አለኝ። ሞተ የሚለውን ቃል ከአፉ አላወጣም። እኔም አልጠየቅኩትም።

እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች አገኘኋት። ስልኳን ያኔውኑ አነሳሁ፤ «አዲስ ፊልም ልጫንልሽ» ብዬ ኪሴ ከተትኩት። «ወንድምሽ ደውሏል? አዳማ ሲደርስ ይደውል ነበር» አለችኝ። «ኔትወርክ የለም» አልኳት። እግዜር ይስጠው፣ አገራችን ውስጥ ኔትወርክ የለም ብሎ ማንንም ማሳመን ይቻላል።

በሩ ተንኳኳ። ጎረቤታችን ናት፤ ዓይኗ ቀልቷል፣ ስልኳ እጇ ላይ ነው። በሩን ግማሽ ዘግቼ ቆምኩባት። «አልሰማችም» አልኳት በሹክሹክታ። በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ ተመለሰች። «ማናት?» አለች እናቴ ከውስጥ። «እሳት ፈልጋ ነው» አልኩ።

እራት ቀረበ። አጎቴ እንዳለው አጎረስኳት፣ ደግሜ አጎረስኳት። «ዛሬ ምን ነክቶሽ ነው እንደ ሙሽራ የምታጎርሺኝ?» ብላ ሳቀች። ሙሽራ ስትል ነገር ትዝ አላትና ስለ ወንድሜ ጀመረች። ሲሬ ያለችውን ልጅ ወዷል፤ በጥር ሽማግሌ እንልክለታለን፤ ማን ማን ይሂድ? በጣቷ እየቆጠረች የሰፈሩን ሽማግሌዎች ጠራችልኝ። ነገ ሲነጋጋ ደጃችን የሚቆሙት እነዚያው መሆናቸውን እያወቅሁ «አዎ፣ እሳቸው ጥሩ ናቸው» አልኳት።

ከዚያ ፊልም አምጪ አለች። «ከነዚያ ካሜራ ከያዙት አንዱን።» ሌላ ልከፍት ብል እንቢ አለች። ከፈትኩላት። ጽሑፉ መጣ፣ አለፈ። ልጆቹ መኪና ውስጥ ይስቃሉ። አንዱ እየበላ ሌላውን ይነካካል። «ይሄ ሆዳም የኔን ልጅ ይመስላል» አለች እናቴ፣ ከልቧ ሳቀች፤ ጥርሷ በቴሌቪዥኑ ብርሃን ይታየኛል። እኔ ፊልሙን አላየሁም፤ እሷን ነበር የማየው። አንድ ቃል ብናገር ያ ሳቅ ያበቃል። ዝም ስልም እንደማታልላት ይሰማኛል። አምላኬ፣ እንደዚያ ሰዓት ያለ መከራ አይቼ አላውቅም። ሳትጨርሰው እንቅልፍ ወሰዳት።

ሲነጋጋ መጡ። እናቴ በሩን ስትከፍት ሽማግሌዎቹን በነጠላ ተሰልፈው አየች፤ ገና አንዳቸው አፋቸውን ሳይከፍቱ ቤቱን በጩኸት ቀደደችው። ሁለት ሴቶች ያዟት። ትልቁ ሽማግሌ መናገር ያለባቸውን እያለቀሱ ለእሷ ተናገሩ። እኔ በዚያን ጊዜ ውሃ እያመጣሁ ነበር። ከዚያም ፍራሽ አነጠፍኩ፣ ድንኳን የሚተከልበትን አሳየሁ፣ ከእድር የመጣውን ወንበር ተቀበልኩ። ከቀብር መልስም ያው ነኝ፤ እንባ የሚባል ጠብ አላለኝም። «እንዴት ያለች ብርቱ ልጅ ናት» ያሉ ነበሩ። «ድንጋይ ናት» ያሉም ነበሩ፣ ሰምቻቸዋለሁ። ድንጋይ አልነበርኩም፤ ለኔ ግን ማንም የነገረኝ የለም።

ሠልስት ዕለት ሰው ቀለል ሲል እናቴ ወደ ጓዳ ጠራችኝ። ድምጿ ተዘግቶ ነበር።

«ያን ዕለት እራት ስታጎርሺኝ ታውቂ ነበር» አለችኝ።

«አውቅ ነበር፣ እማዬ።» ትቆጣኛለች ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ብትመታኝም አልጠላም ነበር።

«አንቺን ማን አረዳሽ?»

«ማንም። ሱቅ ውስጥ፣ ሰው ስልክ ላይ አየሁት።»

ከዚያ ተነሳች። ሰው ሳይደግፋት የቆመችው ከቀብሩ ወዲህ ያን ጊዜ ነው። ነጠላዋን አስተካከለች፤ ትከሻዬን ይዛ ፍራሹ ላይ አስቀመጠችኝ፤ ፊት ለፊቴ ተንበርክካ ሁለት እጆቼን ያዘች። ሽማግሌዎቹ እንደሚያደርጉት፣ ቀስ ብላ፣ «ልጄ፣ ጠንከር በይ። እግዚአብሔር የሰጠንን እግዚአብሔር ወሰደው» አለችኝ። «ወንድምሽ ሞቷል።»

የወጣኝ ጩኸት የኔ አልመሰለኝም። ድንኳን ውስጥ የነበሩት ሌላ ሰው የሞተ መስሏቸው እየተገፋፉ ገቡ፤ አንዷ ውሃ፣ አንዷ ፀበል ይዛ፣ «ምን ሆነች? ምን ሰማች?» እያሉ። እናቴ እጆቼን ሳትለቅ ጭንቅላቷን ነቅንቃ መለሰቻቸው።

«ተዉአት» አለች፤ «መርዶ የሰማችው ገና አሁን ነው።»