ልደት ሳታለቅስ የቆየችበት ጠዋት

ሸዋአየሁ ቁጭ ማለት አቅቷት ነበር። ሆስፒታል ስትሄድ ኮሪደሩ ላይ ትመላለሳለች፤ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ቤቷ ስትመለስ ደግሞ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት። ሠላሳ ዓመት ያለፋት አንድ ልጇ ልደት ተኝታ የልብ ቀዶ ጥገና ትጠባበቃለች፤ ቀጠሮው ሁለቴ ተላልፏል።

"ጸልዪ እንጂ" ይላታል ባሏ ታዲዎስ። "አባታችን ሆይ" ብላ ትጀምርና መሃል ላይ ሐሳቧ ይበተናል።

አንድ ቀን ጠዋት ሳታስበው ካዛንቺስ ከታክሲ ወረደች። ዕድሜዋን የኖረችበት ሰፈር ፈርሷል። ቤታቸው በነበረበት ሰፊ መንገድ ወጥቶበታል፤ ግቢያቸው በየት በኩል እንደነበር እንኳ መለየት አቃታት። እዚያም መቆም አልሆነላትም። ባምቢስ ድረስ በእግሯ ሄደች። የድሮ ጎረቤቷ ሪሐና ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ እዚያ የጨርቅ ሱቅ ከፍታለች።

"ምን ሆነሻል ሸዋዬ? ነይ ተቀመጪ።"

"መቀመጥ አልችልም።"

"በቃ ቆመሽ አውሪኝ።"

"ረስቶኛል ብዬ ፈራሁ ሪሐና።"

"ማን?"

"እግዚአብሔር።"

ሪሐና የምታጥፈውን ጨርቅ አስቀመጠች። "ልደትን የወለድሽ ጠዋት ትዝ ይልሻል?"

"ተኩሱ ትዝ ይለኛል።" መንግሥት የተለወጠ ሰሞን ነበር።

"ከተኩሱ ሌላስ?"

ሸዋአየሁ እስከ በሩ ሄዳ ተመለሰች።

"ታዲዎስ መኪና ሊፈልግ ወጥቶ መንገድ ተዘጋበት። እናቴና እኔ ነን ያዋለድንሽ። ልጅቷ ጠቁራ ወጣች፤ አላለቀሰችም። እናቴ ጀርባዋን ታሻለች፣ ታሻለች፣ ምንም የለም። እኔ በቃ ሞታለች ብዬ ፊቴን አዞርኩ። አንቺ ግን ድምፅሽ እንኳ በወጉ ሳይወጣ 'የሰጠኸኝን አትወስድብኝም' ትያለሽ። ስትደጋግሚ ስትደጋግሚ ልጅቷ አለቀሰች። እናቴ እስክትሞት ድረስ ይህን ታወራ ነበር።"

"እኔ ነኝ ያልኩት?"

"አንቺ ነሽ።"

"አሁንም እንደዚያ ያደርግልኛል ማለትሽ ነው?"

"እሱን አላህ ነው የሚያውቀው። እኔ ያየሁትን ነው የምነግርሽ።"

ሸዋአየሁ ከዚያ በቀጥታ ሆስፒታል ሄደች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የሰማችውን ሁሉ ለልደት ነገረቻት።

"ለምን እስከዛሬ አልነገርሽኝም እማዬ?"

"ረስቼው ነበር። ምጡንና ተኩሱን ብቻ ይዤ ቀረሁ።"

ልደትም፣ "እስቲ እንደገና ንገሪኝ" አለቻት።

ቀዶ ጥገናው በሚቀጥለው ሳምንት ተደረገ። ሸዋአየሁ ያን ቀንም ኮሪደሩ ላይ ስትመላለስ ዋለች። ግን ጸሎቷ አልተቋረጠም። "ያኔ ሰምተኸኛል ጌታዬ" ትላለች፤ ጥቂት ትራመድና ደግሞ፣ "ያኔ ሰምተኸኛል።" አመሻሽ ላይ ሐኪሙ ወጥቶ ልጅቷ ደህና መሆኗን ሲነግራት ግድግዳውን ይዛ አለቀሰች።

ልደት ዛሬ ቤታቸው ገብታለች። ደረጃ ስትወጣ በየፎቁ ታርፋለች። ሸዋአየሁም ፍርሃቱ ጨርሶ አልለቀቃትም፤ ልጅቷ ባሳለች ቁጥር ከወንበሯ ትነሳለች። እንዲህ ስትሆን ታዲዎስ፣ "እስቲ ያችን ቀን አጫውቺን፣ እኔ እንደሆነ አላየሁም" ይላታል። እሷም እንደቆመች ትጀምርለታለች።