ሦስተኛው ፔዳል

ደቡብ አፍሪካ፣ ጀርሚስተን ያለው ጋራዥ ሥራ በገባሁ በመጀመሪያው ቀን አለቃዬን ከመስታወት ጋር አጋጨኋቸው። ሀጂ ሱልጣን ይባላሉ፣ የወራቤ ሰው ናቸው። አንድ አውቶማቲክ መኪና ጉድጓዱ ላይ አቁም አሉኝና አጠገቤ ተቀመጡ። እኔ ሆሳዕና የጭነት መኪና ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ግራ እግሬ እንደ ልማዱ ፍሪሲዮን ፍለጋ ወርዶ ሰፊውን ፍሬን ረገጠው። መኪናው ባለበት ቀጥ አለ፣ የሀጂ ግንባር ግን አልቆመም።

"ግራ እግርህን አገርህ ትተህ ና!" አሉኝ ግንባራቸውን እያሹ።

ተውኩት። ከዚያ ወዲያ ለዓመታት የጠገንኩት አውቶማቲክ ነው። ስለ ነጂዎቹ ያለኝን አስተያየት ሀጂ ፊት አልናገርም ነበር፤ እዚህ ልናገረው። በአንድ እጁ ቺፕስ እየበላ በሌላው መሪ የሚነካ ሰው ሾፌር አይባልም፤ መሪ የያዘ ተሳፋሪ ነው።

የኮሮና ሎክዳውን መጣ። ማስካችንን አገጫችን ላይ አንጠልጥለን በመንግሥት ፈቃድ፣ በፐርሚት በምንሠራበት ጊዜ፣ አንድ ላንድክሩዘር በመጎተቻ ተጭኖ ገባ። ባለቤቱ ጌታሁን ቶኮዛ ሰፈር ውስጥ ስፓዛ የሚሉት የሰፈር ሱቅ አለው። ቁመቱ የመብራት ምሰሶ ያህላል።

"ጌታ ይባርክህ ወንድሜ፣ ካምቢዮውን ከአውቶማቲክ ወደ ማኑዋል ቀይርልኝ" አለኝ።

ልገባ ስል ጉልበቴ ከመሪው ጋር ተላተመ። ወንበሩ እስከ መጨረሻው ወደ ፊት ተስቧል፣ ላዩ ላይ አበባ የተጠለፈበት ትራስ አለ። እንደምንም ተጣጥፌ አስነሳሁት። አንዴ ሲነካ ተነሳ፣ ሳይንገጫገጭም ሄደ።

"ጤነኛ እኮ ነው። በመጎተቻ ለምን አመጣኸው?"

"ለጥንቃቄ ነው።"

"መቀየሩስ?"

"ሌባ ነዋ! የዚህ አገር ሌባ ማኑዋል አይችልም። አስወርዶኝ እንኳ ይዞት መሄድ አይችልም።"

ሳቄን ማስኩ ሸፈነልኝ። በዚህ ከተማ ሕዝቡ የሚሳፈርበት ሚኒባስ ታክሲ ሁሉ ማኑዋል ነው፤ የአሌክሳንድራ ሰፈር ልጅ ጢም ሳያወጣ ማርሽ መቀየር ይማራል። ማኑዋል የማይችል ሌባ ገና አልተወለደም።

"አንተስ ትችላለህ?" አልኩት።

"እንዴ! አገር ቤት ስንት ዓመት ሚኒባስ ላይ ሠርቻለሁ!" አለ ደረቱን ነፍቶ።

ሲሄድ ለሀጂ ነገርኳቸው። "ይህን መኪና የሚነዳው እሱ አይደለም። እዚያ ወንበር ላይ ቢቀመጥ ጉልበቱ ጆሮው ጋ ይደርሳል።"

"አንተ መካኒክ ነህ ወይስ የባልና ሚስት ሽማግሌ? አውርደው!" አሉኝ።

አወረድኩት። በአውቶማቲኩ ቦታ፣ ከተጋጨ ተመሳሳይ መኪና የተፈታ ማኑዋል ካምቢዮ ገባ። የማያውቅ ሰው ሥራው በዚህ ያለቀ ይመስለዋል። ከሞተሩ ጀርባ የሚሽከረከረው ቮላኖም ይቀየራል፣ ፍሪሲዮን ይታሰራል። በሞተሩ ዘንግ ጫፍ ላይ የካምቢዮውን አፍንጫ የምትይዝ ትንሽ ኩሽኔታ አለች፤ እሷን የረሳ ሁሉንም መልሶ ያወርዳል። ሁለቱ ፔዳሎች ተነቅለው ሦስት ይገባሉ፣ ለማርሹ ዘንግ ወለሉ ይበሳል፣ ካምቢዮውን የሚሸከመው ብረት ቦታው ይዛወራል። ኮምፒውተሩ ደግሞ የለመደው ካምቢዮ ሲጠፋበት ዳሽቦርዱን በመብራት ያጥለቀልቀዋል።

ሀጂ ሞተሩን የሚያስነሳውን የሞተሪኖ ገመድ በቀጥታ እንዳገናኘው ፈለጉ። እንደዚያ ከሆነ መኪናው ማርሽ ውስጥ እያለም ይነሳል፣ ዘሎም ሰው ይገጫል። እምቢ አልኩና ፍሪሲዮን ካልተረገጠ እንዳይነሳ አድርጌ አሰርኩት።

"አንተና ግራ እግርህ!" ብለው ሄዱ።

ሥራው ሊያልቅ ሲል አንዲት አጭር ሴት ከታክሲ ወርዳ የዱቄት ከረጢትና የዘይት ጀሪካን እየጎተተች ገባች።

"አማረች እባላለሁ፣ የጌታሁን ባለቤት ነኝ። የመኪናዬ ካምቢዮ ተቃጥሏል ብሎኝ ነበር። ተሠራ?"

ሀጂ ድንገት የሚደውሉለት ሰው ትዝ አላቸውና ወጡ። እኔ ጤነኛውን ካምቢዮ መሬት ላይ እንደተቀመጠ አሳየኋት፤ ከዚያ የመኪናውን በር ከፈትኩላት። ጎንበስ ብላ ሦስቱን ፔዳሎች አየቻቸው።

"ጌታሁን በኮሮና ሲተኛ በዚሁ በአውቶማቲኩ ነው መንዳት የተማርኩት፤ ሌላ አልችልም" አለች። "ፐርሚቱ በእኔ ስም ወጣ፣ ስቶክ ማምጣቱን እኔ ያዝኩ፣ ሱቁ ሞላ። እሱ ሲሄድ እኮ ጓደኞቹ ጋ ውሎ፣ ዕቃውን ትቶ ወሬ ጭኖ ነበር የሚመጣው። ሲድን ደግሞ 'ሾፌርህ ሚስትህ ናት' እያሉ ሳቁበት።"

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይህ ነው። ሚስቱን ቁልፉን መልሺ ማለት ያቃተው ሰው፣ ጤነኛ መኪና በመጎተቻ አስጭኖ፣ ሌባ ፈራሁ ብሎ ካምቢዮ ያስወርዳል። ተናደድኩ። እንደዚያ አሳምሬ የሠራሁትን ሥራ ጠላሁት።

"በታክሲ የምጭነው አይበቃም፣ መደርደሪያው ባዶ ነው" አለች። "ዕቃ ማምጣቱን ለእሱ ከመለስኩት ደግሞ ሱቁ ይዘጋል። ይሄ ነገር ለመልመድ ይከብዳል?"

"ይከብዳል። ግን ያ የመጣሽበት ታክሲ ነጂ ለምዶታል፤ እሱ ደግሞ ሊቅ አይደለም።"

ካምቢዮ የተቀየረለት መኪና ሳይሞከር ከጋራዥ አይወጣም። ማን ይሞክረው የሚል ሕግ የለም። ሰው በሌለበት የፋብሪካ ሰፈር መንገድ ላይ አማረች ሞከረችው። ሞተሩ ጠፋባት፣ ማርሹ ተንጫጫባት። ከወርቅ ማዕድን የተረፈው ቢጫ የአፈር ክምር ሥር ያለው ዳገት ላይ ወደ ኋላ ሲንሸራተት እሷም ጮኸች፣ እኔም ጮህኩ።

"ቀስ ብለሽ ልቀቂው! እንቁላል እንደረገጥሽ አድርጊው!"

"እንቁላል የሚረግጥ ማን አለ? ሸጬው ነው የምኖረው!"

እየተመላለሰች ዳገቱን እስክትንቀው ድረስ ነዳች። ጌታሁን ሲደውል ኮምፒውተሩ አስቸገረ እለው ነበር፤ እሱም እውነት ነው።

በርክክቡ ቀን ጌታሁን አማረችን አስከትሎ መጣ። ፊቱን እንደ ሐዘንተኛ አጠቆረና፣ "አውቶማቲክ ካምቢዮ ከገበያ ጠፋ፣ የተገኘው ማኑዋል ብቻ ነው። ከእንግዲህ ስቶኩን እኔው አመጣለሁ፤ አንቺ አትድከሚ" አላት። እሷ "እሺ" ብቻ አለች።

ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ፣ ትራሱን ወደ ኋላ ወንበር ወረወረው፣ ቁልፉን አዞረ። ዝም።

"አይነሳም እኮ!"

"ፍሪሲዮን ርገጥ" አልኩት።

የጋራዣችን በር ወደ መንገዱ ዳገት ነው። ፍሪሲዮኑን ድንገት ሲለቀው መኪናው ዘሎ በሩ መሃል ሞተሩ ጠፋ። ደግሞ አስነሳው፣ ደግሞ ጠፋ። ፍሬኑን ረስቶ ወደ ኋላ ሲንሸራተት ሀጂ ግድግዳው ላይ ተለጠፉ። መንገድ የተዘጋበት ታክሲ ነጂ ክላክሱን እያስጮኸ "ሃው፣ ቡቲ!"፣ ምን ሆንክ ወንድሜ፣ ይላል።

ወደ መስኮቱ ጠጋ ብዬ፣ "ሚኒባስ ላይ ምን ነበር የምትሠራው?" አልኩት።

ላቡን ጠረገ። "ረዳት ነበርኩ" አለ ቀስ ብሎ።

በር ላይ ተንጠልጥሎ ሲጣራ የኖረ ሰው ነው እንግዲህ ደረቱን የነፋብኝ። አዘንኩለት ልበል? አላዘንኩም።

አማረች በሩን ከፈተች። "ጌታሁን፣ ወደዚያ እለፍ። ገበያው በጊዜ ነው የሚዘጋው።"

"ማኑዋል ነው እኮ!"

"አይቻለሁ።"

ዞሮ ከጎን ገባ። እሷ ትራሷን ከኋላ አነሳች፣ ወንበሩን እስከ መጨረሻው ወደ ፊት ሳበች፣ በግራ እግሯ ፍሪሲዮኑን ረገጠች። ዳገቱን ጣት ታህል ወደ ኋላ ሳትንሸራተት ወጣችው። ታክሲ ነጂው አውራ ጣቱን አንስቶ "ሻርፕ፣ ማማ!" አላት። ጌታሁን ቀበቶውን አሰረ።

እናንተ አሁን ይህን ሥራ የያዛችሁ፣ ካምቢዮ ከማውረዳችሁ በፊት ወንበሩ ለማን ቁመት እንደተሳበ እዩ። መጠየቅ ያለበት እዚያ ላይ የሚቀመጠው ሰው ነው።