የአንሶላው ሌላ ጫፍ

ቁም ሳጥኑን ስከፍት መጀመሪያ የሚቀበለኝ የአንሶላ ሽታ ነው፤ የሳሙናና የእንጨት። እስካለፈው ሰኞ ድረስ ከታችኛው መደርደሪያ ላይ ባለቤቴና እኔ አብረን ያጠፍነው የመጨረሻው አንሶላ ነበር። ሰማያዊ ነው። ጠርዙ ከጠርዙ ገጥሞ፣ ውስጡ አየር ሳይቀርበት፣ እንደ መጽሐፍ ተኝቶ ነበር። እሱ ካረፈ ወዲህ አልነካሁትም ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ነበር የምናጥፈው። አንዱን ጫፍ እሱ ይይዛል፣ ሌላውን እኔ። "ሳቢ!" ይለኛል። ስስብ ደግሞ፣ "ቀስ እንጂ! ልትጥይኝ ነው እንዴ?"

የዓለም ዋንጫ እዚህ ጀርመን በተካሄደ በዓመቱ፣ ልጃችን አሥር ዓመቷ ነበር። ቤታችን ኡንተርሊደርባህ የሚባል ሰፈር ነው፤ ባለቤቴ ፍሉግሃፈን፣ አውሮፕላን ማረፊያው፣ ሻንጣ ይጭን ነበር። ሳሎናችን ውስጥ አንድ የወጣትነቱ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ ደብረ ዘይት፣ ቱታ ለብሶ ከተዋጊ ጄት አጠገብ ቆሟል። ልጃችን እሱን እያየች አድጋ አባቷን አብራሪ አደረገችው። ትምህርት ቤት አውርታው ኖሮ፣ አንዲት ጀርመናዊት ጓደኛዋ አላመነቻትም። የድሮ የጦር አውሮፕላኖች ያሉበት ሙዚየም ውሰዱን ብላ ስትወተውተን የከረመችው ለዚህ ነበር። እኛ ምክንያቱን የሰማነው ጓደኛዋን ይዘን ባቡር ከተሳፈርን በኋላ ነው። ባለቤቴ በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመረ።

አዳራሹ የድሮ ዘይትና የጎማ ሽታ ነበረው። ከጣሪያው መስኮቶች የሚወርደው ብርሃን ክንፎቹ ላይ አርፎ፣ አውሮፕላኖቹ የተኙ ይመስላሉ። አንዱ ላይ መሰላል ተደግፎ ልጆች ገብተው እንዲቀመጡ ይፈቀድ ነበር። ሁለቱ ልጆች ወጡ። ጓደኛዋ አንድ እጀታ ይዛ፣ ይሄ ምንድን ነው አለች።

"ፓፓ፣ ንገራት!"

ባለቤቴ እጁን መሰላሉ ላይ አድርጎ ቆሞ ነበር። የሆነ ነገር እንዲላት በልቤ ለመንኩት። ማን ያውቅበታል?

"አላውቀውም፣ የኔ ልጅ" አላት በአማርኛ። "እኔ አውሮፕላን አብርሬ አላውቅም።"

ጓደኛዋ ምን አለ ብላ ጠየቀች። ልጃችን አልተረጎመችላትም።

ውጭ ሣሩ ላይ አሮጌ አንሶላ አንጥፈን ዳቧችንን አወጣን። ልጄ ጀርባዋን ሰጥታን ተቀመጠች። "ዝም ብትል ምን ነበረበት?" አልኩት በሹክሹክታ።

"ዛሬ ዝም ብል፣ ነገ የክፍሌን ልጆች በሙሉ አውሮፕላን አሳፍረህ አብርርልን ብትለኝስ?"

ከዚያ ተነሣና ፍርፋሪውን አራገፈ። "ኑ፣ ጫፍ ጫፉን ያዙልኝ" አላቸው። በዚያ በሚጎተተው ጀርመንኛው ያወራላቸው ጀመር። አየር ኃይል ውስጥ ፓራሹት አጣፊ ነበር። አብራሪዎቹ እሱ ያጠፈላቸውን ፓራሹት መቀመጫቸው ላይ አድርገው፣ ተቀምጠውበት ነበር የሚበሩት።

ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞር አለች። "ታዲያ ፓፓ ላይ ተቀምጠው ነበራ የሚበሩት!"

"እንደሱ በይው።"

አንድ ቀን የአንዱ አብራሪ አውሮፕላን አየር ላይ እሳት ያዘው። ሰውየው ዘለለ፤ ፓራሹቱ ተከፈተለት። በማግስቱ ጠዋት በግ ትከሻው ላይ ተሸክሞ አጣፊውን ፍለጋ መጣ። የበሩ ዘበኛ ግን ሰውየው ይግባ፣ በጉ ፈቃድ የለውም ብሎ ድርቅ አለ። ባለቤቴ እየሮጠ ሲወጣ፣ አብራሪው በጉን እንደተሸከመ አቅፎት አለቀሰ።

"በጉስ?" አለች ጓደኛዋ።

"በላነዋ።"

"በላችሁት?!" ሁለቱም በአንድ ድምፅ ጮኹ። ልጄ ሣሩ ላይ ተንከባለለች፣ ጓደኛዋ ግን እውነትም ለበጉ ልታለቅስ ምንም አልቀራትም። ባለቤቴ በዚህ መሃል አንሶላውን እያጠፈ፣ "ፓራሹት ደግሞ ታጥፎ አይቀመጥም" ይላቸዋል። "በየጊዜው ተከፍቶ፣ ተናፍሶ፣ እንደገና መታጠፍ አለበት። ታጥፎ የቆየ ጨርቅ መከፈት ይረሳል።"

ስንመለስ ልጄ ባቡሩ ውስጥ ጭንቅላቷን ትከሻው ላይ ጥላ ተኛች። እሱ እንዳይቀሰቅሳት ብሎ፣ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ሲጮህ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ጓደኛዋን ቤቷ ስናደርስ፣ ልጄ በዓይኗ እንቅልፍ እንዳለ፣ ማንም ሳይጠይቃት ለልጅቷ እናት፣ "አባቴ ፓራሹት አጣፊ ነበር" ስትል ሰማኋት።

ባለፈው ሰኞ ያ አባባሉ ትዝ ብሎኝ ሰማያዊውን አንሶላ አወጣሁትና ከፈትኩት። በረንዳ ላይ አናፈስኩት። ማታ ላጥፈው ስል ግን አልሆነልኝም። አንዱን ጫፍ ስይዝ ሌላው መሬት ይጎተታል። በአገጬ ሞከርኩ፣ አንዱን ጫፍ በር ዘግቼበት ሞከርኩ። ሌላ ከተማ ለምትሠራው ልጄ ደወልኩላት።

"ማሚ፣ እንዳታጥፊው። ቅዳሜ እመጣለሁ፣ እኔ እይዝልሻለሁ።"

"ልክ እንደሱ መሆን አለበት እኮ።"

"አውቃለሁ" አለችና ድምፅዋን አወፈረች። "ቀስ እንጂ! ልትጥይኝ ነው እንዴ?"

ዛሬ ሐሙስ ነው። አንሶላው አልጋው ላይ በሱ በኩል ተዘርግቷል። እኔ እንዳላጨማድደው ወደ ዳር ጠጋ ብዬ እተኛለሁ።