አልፈሰሰም፣ እኔ ነኝ የቀባሁት

ይህ የደረሰብኝ በደርግ ዘመን፣ በሰባዎቹ መጨረሻ ገደማ፣ ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ክሊኒክ ስሠራ ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል። ዛሬም ግን ሰው "ያኔ ዝም ብትዪ ይሻልሽ ነበር" ሲለኝ ደሜ ይፈላል። ስለዚህ አንዴ ከነምክንያቱ ጽፌው ልገላገል።

ትውልዴ አሰላ ነው። ባሕር ዳር የገባሁት ባለቤቴ ፋብሪካ ተቀጥሮ ነው። ሙያዬ ጤና ረዳት ነበር፤ በዚያን ጊዜ አጠራር ድሬሰር። ተማሪዎቹ ግን ሁሉም "ሲስተር" ነው የሚሉኝ። እኔም ሹመቱን አልጠላሁትም።

ሥራው ከውጭ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ክሊኒኩ አንዲት ክፍል፣ አንድ አልጋ፣ አንድ መጋረጃ፣ አንድ ቁም ሳጥን ነው። ቁም ሳጥኑ ውስጥ አስፕሪን፣ የወባ ክኒን፣ ፋሻ፣ እንዲሁም ቁስል የምንቀባው ወይን ጠጅ መድኃኒት፣ ጂቪ የምንለው፣ በትልቅ ጠርሙስ አለ። ሌላው ሁሉ "ተጠይቋል፣ ይመጣል" ነው። የሒሳብ ፈተና ቀን ግማሹ ክፍል ሆዱን ይዞ ይሰለፋል። ሐይቅ ገብቶ ድንጋይ እግሩን የቆረጠው ልጅ ከፀጉሩ ውሃ እየተንጠባጠበ "ኧረ ሐይቅ አልሄድሁም፣ ደረጃ ላይ ወድቄ ነው" ይለኛል። ክረምቱ ወጥቶ ወባ ሲነሳ ደግሞ በአንዷ አልጋ ላይ ሁለት ሁለት አድርጌ አስተኛለሁ።

የምኮራበት አንድ ነገር መዝገቤ ነበር። የተማሪው ስም፣ ክፍሉ፣ ሕመሙ፣ የሕመሙ ምክንያት፣ የተሰጠው መድኃኒት በየረድፉ ይጻፋል። ብዙ ሰው የምክንያቱን ቦታ ባዶ ይተወዋል። እኔ ግን ሳልጠይቅና ሳልጽፍ ማንንም ከአልጋ አላስነሳም ነበር።

በዚያ ዓመት በሚያዝያ ለሚከበረው የላብ አደሮች ቀን ትምህርት ቤታችን የስፖርት ትርኢት እንዲያሳይ ታዘዘ። ልምምዱ ሁዳዴ ጾም ውስጥ ዋለ። ልጆቹን ከአራት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት ኳስ ሜዳው ላይ ያቆሟቸዋል። የባሕር ዳርን የመጋቢት ፀሐይ የቀመሰ ሰው ያውቀዋል። ጥላ የለም፣ ውሃ የለም፣ ከሐይቁ የሚመጣ ነፋስ እንኳን የለም። እጅ ወደ ላይ፣ እጅ ወደ ጎን፣ እንደገና።

ልጆች መውደቅ ጀመሩ። ጓደኞቻቸው በትከሻ ተሸክመው ያመጡልኛል። አስተኝቼ፣ እግራቸውን ከፍ አድርጌ፣ ግንባራቸውን በእርጥብ ጨርቅ እያበስሁ "ቁርስ በልተሻል?" "በልተሃል?" እላለሁ። "አልበላሁም ሲስተር፣ ጾመኛ ነኝ" ይላሉ። እኔም ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ ጎላ አድርጌ "በጾም" ብዬ እጽፋለሁ። በሁለት ሳምንት ውስጥ እንዲህ ብዬ የጻፍሁላቸው አሥራ አንድ ሆኑ። ይህን ሳደርግ ራሴን እንደ ጎበዝ ባለሙያ ቆጥሬ ነበር። እንዴት ያለሁ ቂል ነኝ!

ዕለቱ ዓርብ ነበር። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ አሥራ አንደኛዋን ልጅ አመጡልኝ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ዝምተኛ፣ ቀጭን፣ በትምህርቷ የተመሰገነች። እንደ ሌሎቹ ጠየቅኋት፣ እንደ ሌሎቹ መለሰች፣ ጻፍሁ። መጋረጃውን ጋርጄ አስተኛኋት።

ያን ጊዜ ጓድ ደምሴ ገባ። ጓድ ደምሴ ከአውራጃ ተመድቦ የትርኢቱን ዝግጅት የሚቆጣጠር ካድሬ ነው። በዕድሜ እኔ እበልጠዋለሁ፤ እሱ አንቺ ይለኛል፣ እኔ እርስዎ እለዋለሁ። ከሜዳው ስንት ሰው እንደጎደለበት ሊያጣራ ነው የመጣው። ሳይጠይቀኝ መዝገቡን ገለበጠ። ጣቱ ምክንያት በሚለው ረድፍ ላይ ወረደ፣ ወረደና ቆመ።

"ጾም፣ ጾም፣ ጾም" አለ። ፈገግ አለ ደግሞ። "እኔ ፀሐይ ነው እያሉ ሲያታልሉኝ! ለካ ላብ አደሩን ላለማክበር በአድኃሪ ልማድ እያደሙ ነው።"

"ጓድ፣ ልጆች ናቸው እኮ" አልሁት።

"የእነዚህን ስም ዝርዝር ጽፈሽ፣ ማኅተም አድርገሽበት፣ ሰኞ ጠዋት ስብሰባ ላይ ታቀርቢያለሽ። ከትምህርት ገበታ ይሰናበታሉ። ሌላው ይማርበታል።" መዝገቡን ብብቱ ሥር ሊያስገባ ሲል የጤና ጽሕፈት ቤት ንብረት ስለሆነ ከክሊኒክ አይወጣም አልሁት። እውነት ነው፣ አይወጣም። ካድሬ ወረቀት ያከብራል። ትቶት ወጣ።

መጋረጃው ተገለጠ። ልጅቷ አልጋው ላይ ተቀምጣለች። ሁሉንም ሰምታለች።

"ሲስተር፣ ዋሽቼዎታለሁ" አለችኝ።

"ምን ብለሽ?"

"ጾሙንስ ጾሜያለሁ። ግን ዘጠኝ ሰዓት ሲሆንም የምቀምሰው የለኝ። አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ እንጨት ሊሸጥ በታንኳ ሲመጣ ስንቄን ይዞልኝ ይመጣ ነበር። ወባ ጥሎት ሦስት ቅዳሜ ቀረ። ድርቆሼ ካለቀ ሰንብቷል።"

ቤት ተከራይተው ከተማ የሚማሩት የገጠር ልጆች እንዲህ ነበር የሚኖሩት። የሳምንቱ ስንቅ በገበያ ቀን ይመጣል፤ ድርቆሽ፣ በሶ፣ ትንሽ ሽሮ። እሱ ካለቀ አለቀ ነው። ይህን አውቃለሁ፤ ግን ከመዝገቤ ጋር አገናኝቼ አስቤው አላውቅም።

"እንግዲያስ ይህን ለጓድ ደምሴ እነግረዋለሁ። ርቧት ነው ካልሁት አያባርርሽም" አልኋት።

እንደ እሳት ብድግ አለች። "በእመቤቴ! እባክዎ እንዳይናገሩብኝ! ርቧት ወደቀች ተብዬ በሰልፍ ፊት ስሜ ከሚጠራ፣ ጾማ ወደቀች ብለው ያባርሩኝ። እሱ ይሻለኛል።"

አንጀቴን በላችው። ለፈተናው የቀራት ሁለት ወር ብቻ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ለራሴ የቋጠርሁትን ሽሮ በእንጀራ ሰጠኋት። ዓይኗን አቀርቅራ በላች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ "ክኒን ልትወስድ" እንድትመጣ አዘዝኋት።

ስትወጣ መዝገቡን እንደገና ከፈትሁት። ከአሥራ አንዱ ስምንቱ የወደቁት ሐሙስና ዓርብ ነው። ስምንቱም የገጠር ልጆች ናቸው። ስንቅ በሚያልቅበት ቀን! ጾመኛ ነኝ ማለት ያስከብራል፣ ራበኝ ማለት ያዋርዳል፤ ስለዚህ ሁሉም ክብሩን ይዞ ወደቀ። እኔ ደግሞ የነገሩኝን አምኜ፣ በሚያምር ጽሕፈት፣ ለካድሬ የስም ዝርዝር አዘጋጅቼ ጠበቅሁት። የቀሩት ሦስቱ በእርግጥ ጾመው ይሆናል። ቢጾሙስ? ምን አገባው!

ማታ ለባለቤቴ ነገርሁት። እሱ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ፈራ። "ሁለት ልጆች አሉን። ስም ጻፊ ብለውሻል፣ ጻፊ። አባራሪው እሱ ነው፣ አንቺ አይደለሽም" አለኝ። እኔም ፈርቻለሁ፤ አልዋሽም። በዚያ ዘመን አሻጥረኛ መባል ቀልድ አልነበረም። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ክሊኒኩን ከፈትሁ። መጀመሪያ ስሞቹን በእስክሪብቶ ልሰርዝ አሰብሁ። የተሰረዘ ግን ይነበባል። ያን ትልቅ የጂቪ ጠርሙስ አወረድሁ፣ ጥጥ ነከርሁ፣ ከስማቸው ጀምሬ እስከ ምክንያቱ ድረስ አሥራ አንዱንም ረድፍ ቀባሁት። አንዴ ሲደርቅ ደግሜ ቀባሁት። ጂቪ የነካ ሰው ያውቃል፣ ሳሙናም በረኪናም አይመልሰው። ገጾቹ ወይን ጠጅ ሆኑ። ጣቶቼም እስከ አንጓቸው ወይን ጠጅ ሆኑ።

ሰኞ ስብሰባው በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ነበር። መምህራኑ በሙሉ አሉ። ዳይሬክተራችን ጋሽ አያሌው ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ፣ ጥሩ ግን ድንጉጥ ሰው ናቸው። ገና በር ላይ ጣቶቼን አዩና ገባቸው።

ጓድ ደምሴ ዝርዝሩን ጠየቀኝ።

"ዝርዝር የለም" አልሁ።

"መዝገቡስ?"

"ክሊኒክ ነው፤ መጥተው ማየት ይችላሉ። ስሞቹ ግን የሉም።"

ጋሽ አያሌው ተነሡ። "ልጄ፣ ጠርሙሱ ወድቆብሽ ነው አይደል? ያ ቀለም እኮ አስቸጋሪ ነው፣ ሲፈስ አይያዝም" አሉኝ። ዓይናቸው ይለምነኛል። እሺ በይ፣ ፈሰሰ በይ፣ ሁላችንም እንዳን ይላል። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የሚበቃው።

እሺ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ አሰብሁት። ፈሰሰ ካልሁ ነገ አዲስ ገጽ ይከፈታል፣ የሚመጣው ሰኞ ደግሞ አዲስ ዝርዝር ይጠየቃል።

"አልፈሰሰም ጋሼ። እኔ ነኝ የቀባሁት" አልሁ።

ወደ መምህራኑ ዞርሁ። "እኔ ዘንድ የሚተኛ ልጅ የሚነግረኝ ለኔ ብቻ ብሎ ነው። ዛሬ ያሉኝን ለስብሰባ ካወጣሁ ነገ ወባ የያዘው ልጅ ደብቆኝ ቤቱ ይሞታል። የመውደቃቸውን ምክንያት ከፈለጋችሁ ግን አሁኑኑ እሰጣችኋለሁ።" ወረቀት አወጣሁ። እዚያው ቆሜ "አሥራ አንድ ተማሪዎች ያለ ውሃና ያለ ጥላ ለሦስት ሰዓት ፀሐይ ላይ በመቆማቸው ወድቀዋል" ብዬ ጻፍሁ፣ ፈረምሁ፣ ከቦርሳዬ ማኅተሜን አውጥቼ ጓ አደረግሁበት። ወስጄ ከጓድ ደምሴ ፊት አስቀመጥሁት።

"ይህ አሻጥር ነው። ትጠየቂበታለሽ!" አለ።

"ስሜም ፊርማዬም አለበት። አልጠፋም" አልሁት።

ያን ጊዜ ከኋላ የስፖርት መምህሩ፣ በስብሰባ ተናግሮ የማያውቅ ሰው፣ "ውሃስ በእርግጥ አልነበረም" አለ። ሌላም ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ጓድ ደምሴ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ስብሰባው ተበተነ።

ከሁለት ቀን በኋላ ልምምዱ ከአንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆነ። ሜዳው ዳር ሁለት በርሜል ውሃ ቆመ። ለምን እንደተለወጠ ማንም አልተናገረም። ስለ ማባረሩም ዳግም የተነሣ ነገር የለም። ማስረጃ የሚላት ወረቀት በኔ ማኅተም ተቃራኒውን ትናገራለችና የት ያቀርባታል?

እኔን ግን አልረሱኝም። በወሩ ደብዳቤ መጣልኝ፤ ወደ መተከል፣ ወደ ሠፈራ ጣቢያ ተዛውሬያለሁ። ባለቤቴ ደብዳቤውን አንብቦ ሻንጣዬን ከአልጋው ሥር ስቦ አወጣልኝ። ልጆቼን ለእሱና ለእናቴ ትቼ አሥራ አራት ወር እዚያ ሠራሁ። ወባው፣ ሙቀቱ፣ የሕፃናቱ ሞት ሌላ ታሪክ ነው። ትንሿ ልጄ ስመለስ አላወቀችኝም፤ ከአባቷ ኋላ ተደበቀች። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አላስተባብልም።

አሁን ጡረተኛ ነኝ። ዘመድ ሲሰበሰብ ወሬው ይነሣና "ታዲያ ምን አተረፍሽ?" ይሉኛል። "ሥርዓቱ እንደሆነ ወድቋል፣ ካድሬውም የት እንደደረሰ አይታወቅ፣ አንቺ ብቻ ተጎዳሽ" ይላሉ። ፈሰሰ ብትዪ ኖሮ የሚሉኝም አሉ። እኔ የምመልሰው አንድ ነው፦ አሥራ አንዱም ያን ዓመት ከትምህርታቸው አልተስተጓጎሉም፤ ያቺ ልጅም ከጓደኞቿ ጋር ፈተና ላይ ተቀመጠች። ዛሬ ቢጠይቁኝም ያንኑ አደርገዋለሁ። ያኔም አልቆጨኝም፣ ዛሬም አይቆጨኝም።

ይህን ጽሑፍ አስቀድማ ያነበበችው ልጄ፣ ያቺ ከአባቷ ኋላ የተደበቀችው፣ "የልጅቷ ስም ማን ነበር እማዬ? ረሳሽው እንዴ?" አለችኝ። አልረሳሁትም። የአሥራ አንዱንም ስም ከነክፍላቸው በቃሌ አውቀዋለሁ። ለእሷም አልነገርኋትም።