ጧት ጧት የሚጠፋው ኮምፒውተር

ከድብ ባሕር ብዙም በማይርቅ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት፣ ታኅሣሥ ላይ፣ ርእሰ መምህሩ ከክፍል አስጠርተው አንድ ሥራ ሰጡኝ። የመዝገብ ቤቱን ኮምፒውተር እንዳይና እስከ ዓርብ እንዳስተካክለው ነበር። ዕለቱ ሰኞ ነው። የኮምፒውተር ትምህርት የማስተምር እኔ ስለሆንኩ ከእኔ ሌላ የሚጠየቅ አልነበረም። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። የማውቀውን ለሰው ማስረዳት እወዳለሁ፤ ያን ዕለት ደግሞ ሁሉንም የማውቅ መስሎኝ ነበር።

ችግሩን ርእሰ መምህሩ በአጭሩ ነገሩኝ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ስም ዝርዝር ከነፎቷቸው ተጽፎ ዓርብ ደባርቅ ትምህርት ጽሕፈት ቤት መግባት አለበት። ስሙ ያልደረሰ ተማሪ ዘንድሮ ለፈተና አይቀመጥም። ዝርዝሩን የሚጽፉት የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ናቸው፤ ኮምፒውተሩ ግን ጧት ጧት እየጠፋ ሥራቸውን ያቋርጥባቸዋል። ከመጥፋቱ በፊት በስክሪኑ ቀኝ ማዕዘን ሥር «አዲስ አፕዴት ተዘጋጅቷል፤ ኮምፒውተሩ ሪስታርት ይደረጋል» የሚል መልእክት ይመጣል። ከዚያ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ አፕዴቱን ሊጭን ይሞክራል፣ አልተሳካም ይላል፣ የሞከረውን ያፈርሳል። እስከዚያ አርባ ደቂቃ ገደማ ይሄዳል። ከሰዓት በኋላ እንዳይጽፉ ደግሞ መብራት ብዙ ጊዜ ይጠፋል።

የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ስልሳ ዓመት የተጠጋቸው፣ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው የማያወርዱ ሰው ናቸው። ትምህርት ቤቱ በሙሉ «አያ» ይላቸዋል። ኮምፒውተር የተማሩት ጎንደር ላይ በተሰጠ የሁለት ሳምንት ሥልጠና ሲሆን በሁለት ጣት ነው የሚጽፉት፤ ነገር ግን የጻፉት ስም ውስጥ ስሕተት አግኝቼ አላውቅም። መደርደሪያቸው ላይ መዝገቦቹ በዓመትና በክፍል ተደርድረዋል። ገና ስገባ ዓይኔ ያረፈው እዚያ ላይ ነበር፤ እኔም ነገር ሁሉ በየቦታው ሲሆን ነው ልቤ የሚያርፈው።

በዚያ ሰኞ ያደረግሁት ነገር እስካሁን ያሳፍረኛል። ችግሩ መልእክቱ ነው ብዬ ሴቲንግ ውስጥ ገባሁና መልእክቱ እንዳይመጣ አጠፋሁት። አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ለአያ ማሳወቂያ ማለት ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደሚመጣ፣ እንዴት እንደሚጠፋ ዘርዝሬ አስረዳኋቸው። በጥሞና ሰሙኝና «ሸጋ ነው» አሉኝ። እኔም ሥራዬን እንደጨረስኩ ቆጥሬ ወደ ክፍሌ ሄድኩ።

ማክሰኞ ጧት ኮምፒውተሩ ምንም ሳይናገር ጠፋ። አሥራ አራት ስም አብሮ ጠፋ።

ለካ አያ ሴቭ የሚያደርጉት መልእክቱ ሲመጣ ነበር። ማስጠንቀቂያው ብቅ ሲል ቶሎ ብለው ያስቀምጣሉ፣ ከዚያ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከትተው እስኪከፈት ይጠብቃሉ። እኔ ያጠፋሁት ችግሩን ሳይሆን ማስጠንቀቂያውን ነው። ስደርስ አልተቆጡም። ወንበር ሰጡኝና ቀስ ብለው እንዲህ አሉ፦

«ልጄ፣ ሌባ ሲመጣ የሚጮኸውን ውሻ አሠርሽብኝ። ሌባው ግን አሁንም ይመጣል።»

በየአምስት ስሙ ሴቭ እንዲያደርጉ ለመንኳቸው፤ ያንኑ ዕለትም ጀመሩ። እኔ ግን ከዚያ ቢሮ የወጣሁት ይህን ነገር ከሥሩ ሳላገኝ ዝርዝሩ ለዓርብ እንደማይደርስ ለራሴ ነግሬ ነው።

የመምህራን ክፍል ውስጥ ወሬው ተሰምቶ ኖሮ ሁሉም መድኃኒት ያዝዝልኝ ጀመር። አንዱ መብራቱ ነው ይላል፣ ሌላዋ ቫይረስ ነው ትላለች። የሒሳቡ መምህር ጧት ጧት የሚነሳበት ከሆነ ለኔ ሳይሆን ለፀበል ነው የሚሰጠው ብሎ ሁሉንም አሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ነገር ግን «ጧት ጧት» ያለው ነገር ከጆሮዬ አልወጣም። መብራት ቢሆን ኖሮ አምፖሉም አብሮ ይጠፋ ነበር። ቫይረስ ቢሆን ሰዓት አይመርጥም። የኤሌክትሪክ ገመዱን ለወጥኩ፣ የማሽኑን ጀርባ ከፍቼ አቧራውን በብሩሽ ጠረግሁ፣ ቫይረስም ፈተሽኩ። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ መብራቱ ሳይጠፋ ዋለ፤ ኮምፒውተሩም ከስምንት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አንድም ጊዜ ሳይዘጋ ሠራ።

ረቡዕ ጧት የማስተምርበት ክፍለ ጊዜ ስላልነበረኝ ደብተር ይዤ አያ አጠገብ ተቀመጥኩ። የሚሆነውን ሁሉ ከነሰዓቱ ልጽፍ ነው። እሳቸው ይጽፋሉ፣ እኔ ስክሪኑን እጠብቃለሁ። ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ጥፍት አለ። ስልኬን አየሁና «3፡20፣ ጠፋ» ብዬ ጻፍኩ። እንደተለመደው ሞከረ፣ አልተሳካም አለ፣ አፈረሰ። ተከፍቶ ሲያበቃ ደግሞ በስክሪኑ ጥግ ያለውን ሰዓት አየሁና «3፡58፣ ተከፈተ» ብዬ ከሥሩ ጻፍኩ።

እስክሪብቶዬን አስቀምጬ የጻፍኩትን ሳነብ ቀጥ አልኩ። ስልኬ ላይ ያየሁት 9፡20 ነው። ሦስት ሰዓት ከሃያ ብዬ የጻፍኩት እንደማንኛችንም በልቤ ቀንሼ ነው። ሁለተኛውን ግን አልቀነስኩም። ኮምፒውተሩ ራሱ 3፡58 ነው የሚለው። ከሰኞ ጀምሮ ይህን ሰዓት ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ትክክል ስለነበረ ነው ያላየሁት። ከጎንደር ማንንም ባለሙያ አምጥቼ አጠገቤ ባስቀምጥ እሱም አያየውም ነበር።

«አያ፣ ይህን ሰዓት የሞላው ማን ነው?»

«እኔ ነኛ። ተሳስቶ ነበር የመጣ።»

ሴቲንጉን ከፈትኩ። ኮምፒውተሩ የሥራ ሰዓት ብሎ የያዘው በራሱ አቆጣጠር ከ8፡00 እስከ 17፡00 ነው፤ ይህ በኛ ከጧቱ ሁለት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት መሆን ነበረበት። በዚያ መሐል ሪስታርት አያደርግም። አያ ሰዓቱን በኛ አቆጣጠር ስለሞሉት ግን፣ እኛ ጧት ሦስት ሰዓት ላይ ስንሆን እሱ ሌሊት ነው፣ ሰዎቹ ተኝተዋል፣ አሁን ልሥራ ይላል። ጥበቃው የሚጀምረው ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ ቢሮው ተቆልፎ ሁላችንም እስክንተኛ ድረስ ሥራ ላይ ናቸው ብሎ ይጠብቀናል።

ቀኑን ስመለከት ደግሞ ቀኑም፣ መስከረምን አንድ ጥቅምትን ሁለት ብሎ የሚቆጥረው ወሩም፣ ዓመተ ምሕረቱም የኛው ነው። በኮምፒውተሩ ቤት ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ቀርተናል ማለት ነው። አፕዴቱ ለምን እንደማይሳካም ገባኝ። ቸኩዬ ማውዙን ስይዝ አያ እጃቸውን ኪቦርዱ ላይ ጫኑት።

«ምነው? ምን ልታደርጊ ነው?»

ሰዓቱንና ቀኑን ወደ ፈረንጁ ልመልሰው ነው አልኳቸው። አይሆንም አሉኝ። ለምን እንደማይሆን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ከፍ አላለም፤ ነገር ግን እጃቸውን አላነሡም። ኮምፒውተሩ እንደመጣ ሰሞን ቤተሰቡ ወደ ሳንጃ ለተዛወረ አንድ ተማሪ መሸኛ ጽፈውለት ነበር። ቀኑን ማሽኑ ራሱ ነው የሚያትመው፤ እሳቸውም ለአዲሱ ዕቃ አምነው ሳያዩት ማኅተም መቱበት። ልጁ ሳንጃ ድረስ ሄዶ ወረቀቱን ሲያሳይ ይህ ዓመት ገና አልመጣም ብለው መለሱት። እንደገና ሊያጽፍ ያን ሁሉ መንገድ ተመልሶ መጣ። ከዚያ ወዲህ ነው ሰዓቱንና ቀኑን በእጃቸው ያስተካከሉት፤ አንድም ወረቀት አልተመለሰባቸውም።

«በየወሩ አስተካክለዋለሁ» አሉኝ። «መስከረም ላይ ሠላሳ አንድ ይልብኛል፣ እመልሰዋለሁ። በጥቅምት ሃያ ስምንትን ሲጨርስ ኅዳር ገባ ይላል። ያኔ ሁለት ቀን በእስክሪብቶ እጽፋለሁ።»

ይህን ስሰማ ዓይናቸውን ለማየት አፈርኩ። እኔ ስሕተት ያልኩት እሳቸው ሳያጓድሉ በየወሩ የተጠነቀቁበት ሥራ ነው። ላስረዳ ያዘጋጀሁትን ንግግር ትቼ እሳቸው በነገሩኝ ጀመርኩ።

«አያ፣ ይህ ኮምፒውተርም የሚያደርገው የሳንጃዎቹን ነው። አፕዴቱ ቀን ተጽፎበት፣ ማኅተም ተመቶበት ይመጣል። ይሄ ያየውና ይህ ዓመት ገና አልመጣም ብሎ ይመልሰዋል። በማግስቱ ደግሞ እንደገና ይመጣል።»

ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ።

«ታዲያ ያን ልጅ በየቀኑ ነዋ የማመላልሰው።»

እጃቸውን ከኪቦርዱ ላይ አነሡ። ነገር ግን ሁለት ነገር ቃል አስገቡኝ። አንደኛው ከዚህ ቢሮ የሚወጣ ወረቀት በኛ ቀን እንዲወጣ ነው። ከመሸኛውና ከምስክር ወረቀቱ ላይ ማሽኑ የሚያትመውን ቀን አውጥቼ ባዶ መስመር አደረግሁበት፤ በጥቅምት ሁለት ቀን የሚጽፉትን አሁን ሁልጊዜ በእጃቸው ይጽፋሉ። ሁለተኛው ውሻውን እንድፈታላቸው ነው። መልእክቱ እንደ ቀድሞው እንዲመጣ መልሼ ከፈትኩት።

ሰዓቱንና ቀኑን ካስተካከልኩ በኋላ ሌላ ጭንቀት መጣ። ያን ቀን አፕዴቱን እንጫን ወይስ ዝርዝሩ ሄዶ ይቆይ? መሐል ላይ መብራት ቢጠፋ ኮምፒውተሩ ጨርሶ ላይነሣ ይችላል። አያ ቶሎ ብለው ወሰኑ፤ ዝርዝሩ ሳይወጣ ማሽኑ አይነካም። እኔ ብሆን ቸኩዬ እጭነው ነበር። የተጻፈውን በፍላሽ ገልብጬ በኪሴ ያዝኩ፤ አፕዴቱንም ቅዳሜ ላይ ቀጠርኩት።

ሐሙስ ጧት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከእሳቸው ቀድሜ በሩ ላይ ቆምኩ። እሳቸው ስም ያነባሉ፣ እኔ እጽፋለሁ፤ ጣቴ ሲደክም እንለዋወጣለን። ሦስት ሰዓት ከሃያ ሆነ። ሁለታችንም ስክሪኑን አየን። መልእክቱ ማዕዘኑ ላይ ብቅ ብሎ ሪስታርቱ ለቅዳሜ መያዙን ተናገረና ተመልሶ ገባ። አያ መነጽራቸውን አስተካክለው የሚቀጥለውን ተማሪ ስም ከነአባቱና ከነአያቱ አነበቡ። እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል ሳንነሣ ሠራን። ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ፤ በዚያ ሰዓት ፎቶዎቹን በስም ተራ ደረደርን።

ዓርብ ጧት ፎቶዎቹ ገብተው አለቁ። አያ ግን ዝርዝሩ ታትሞ ከትልቁ መዝገብ ጋር ስም በስም ሳይመሳከር አይሄድም አሉ። ርእሰ መምህሩ ደባርቅ የሚሄደው መኪና ደርሷል እያሉ ሁለት ጊዜ ተመላለሱ። ሁለተኛውን ጊዜ አያ ቀና ሳይሉ «መኪናውማ ይጠብቃል፤ ፈተናው ነው የማይጠብቅ» አሏቸው። የአንዲት ተማሪ ስም ሁለት ጊዜ ተጽፎ አገኘን፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አርመን እንደገና አተምነው። ፍላሹና ወረቀቱ በአምስት ሰዓት ተሩብ መንገድ ገቡ።

ስምንት ሰዓት አልፎ ከደባርቅ ተደወለ። አያ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ይሰማሉ። ከዚያ ማዶ ያለው ሰው ፍላሹ መከፈቱን፣ የሁሉም ስምና ፎቶ መኖሩን፣ የጎደለ እንደሌለ ነገራቸው። «ሁሉም ደረሰ? አንድም አልቀረ?» ብለው አስደገሙት። ስልኩን ዘጉና ለእኔ ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። ከዚያ ተነሥተው ከመደርደሪያው ላይ የአሥራ አንደኛ ክፍልን መዝገብ አወረዱ። የእኔ ተማሪዎችም እየጠበቁኝ ስለነበር ደብተሬን ይዤ ወጣሁ።