ማሳዬን አቋርጦ የሚሸጥ መብራት

የመብራት ኃይል ሰዎች ማሳዬ መሀል የብረት ምሰሶ ተከሉ፤ «መብራት ይገባልሃል» አሉኝ፤ ዋሹኝ። ነገሩ ይኸው ነው።

ንጋት፣ አንበሳሜ። ባዶ ጀሪካን ይዤ ተነሣሁ። የውኃ መሳቢያ ሞተሬ ናፍጣ ጨርሷል፤ ሽንኩርቴ ጫፉ ቢጫ ሆኗል። በዚህ ሳምንት ካልጠጣ አለቀ፤ የቤቴ የዓመት ቀለብ እሱ ነው።

«አያ፣ ጀሪካንዎ ወንበር ይዟል፤ ሂሳብ ይከፍላል!» አለ የሚኒባሱ ሾፌር።

«ሲመለስ ሞልቶ ከመጣ ይከፍላል» አልሁት። ተሳፋሪው ሳቀ።

ረፋድ፣ ዘንዘልማ። አምና ጤፍ የነበረው ሁሉ ዘንድሮ ብሎኬት ነው። ማደያው ደጅ መኪናው እስከ መታጠፊያው ተሰልፏል። ፊደል የቆጠርሁት ልጆች ከወለድሁ በኋላ ነው፤ ሰሌዳውን ሳነብ ግን ምነው ባልቆጠርሁ አልሁ፦ «ናፍጣ የለም»።

«በሃይላንድ አለልዎ» አለኝ አንድ ባጃጅ ነጂ ጠጋ ብሎ፤ «ዋጋው ግን የበግ ነው።»

ቀትር፣ ባሕር ዳር። መብራቴን ከተሜ ወሰደብኝ ብዬ ነበር የማስበው። ከተማውም መብራት የለው! ከየሱቁ ደጅ ጄኔሬተር ይንጫጫል፤ የዓሣ ቤቱ ጭሱን ፊቴ ላይ ተፋው። ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። እኔ ያጣሁት እዚህ ይቃጠላል። ስለ መብራቴ ልጠይቅ የመብራት ኃይል ቢሮ ገባሁ።

«አባባ፣ በማሳዎ የሚያልፈው መስመር ድንበር ይሻገራል» አለኝ ወጣቱ ሠራተኛ። «ለጎረቤት አገር ይሸጣል፤ ዶላር ያመጣል።»

«ዶላሩስ?»

«ናፍጣ ይገዛበታል።»

«ናፍጣውስ?»

በእሱ ፈንታ የቢሮው ጄኔሬተር ከደጅ መለሰልኝ።

መብራት ሸጠን ናፍጣ ገዛን፤ ናፍጣውን አቃጥለን መብራት አበራን። እብድ እንኳ እንዲህ አይነግድም!

በማግስቱ፣ ጣና ዳር። ያደርሁት የአባቴ ወዳጅ ከነበሩት ከጀልባ ሠሪው ከሼህ እንድሪስ ዘንድ ነው። ጓሯቸው በርበሬ በበርበሬ ነው፤ ውኃ ይወርዳል፣ የሞተር ድምፅ የለም።

«በምን ይስቡታል?»

«በፀሐይ» አሉ፣ ጣሪያው ላይ ያለውን ጥቁር መስተዋት እያሳዩኝ። «ሁለት ጀልባ ሸጬ ገዛሁት።»

«የእኛኑ ፀሐይ በገንዘብ?»

«ፀሐይዋ የእኛ ናት፤ መስተዋቱ የቻይና። ባሕር ተሻግሮ በዶላር ነው የመጣ። ምን ታፈጥብኛለህ?»

«እንግዲያ ዶላሩ ሲያልቅ ነገ እሱም ይጠፋላ!»

«ሳይጠፋ አጠጣ፣ አንተ ደረቅ!»

ወደ አንበሳሜ ተመልሼ ለመስተዋቱ ስል ከጥማድ በሬዎቼ አንዱን ገበያ አወጣሁ። ሚስቴ አለቀሰች፤ እኔ ጥርሴን ነከስሁ። ለከርሞ የምጠምደው የለኝም። መስተዋቱ ከነመሳቢያው እስኪመጣ ግማሹ ሽንኩርት ደረቀ። የተረፈው ግማሽ ውኃ የጠጣው ጥር 12 ቀን፣ የቃና ዘገሊላ ዕለት ነው።